የአባቴ ጠብመንጃ የቀለለበት ዓመት

ዛሬም መካነ ሰላም ገበያ ላይ ብረት በሞረድ ሲፋቅ ሽታው ካገኘኝ እግሬ ይቆማል። መንገደኛው ምን ሆና ነው ይበል፤ እኔ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያን ዓመት ታላቅ ወንድሜ ሳውዲ ገባ። ከገደሉ አፋፍ ያለውን ማሽላችንን ከከርከሮ የሚጠብቅልን ጠፋ፤ የአባቴም ዓይን ደክሞ ነበር። «እኔ ልተኩስ» አልሁት። ጎረምሳ ሞልቶ ሴት ልጅ ጠብመንጃ ስትይዝ በአገራችን ማን አይቷል?  እናቴ «ያ ብረት እኮ አንቺኑ ይጥልሻል» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ላነጣጥር ሳነሳው አፈሙዙ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በሳምንቱ አባቴ ጠብመንጃውን ገበያ ወስዶ ለቀጥቃጩ ሰጠው። ያንን ከአባቱ የወረሰውን፣ የሚኮራበትን ወፍራም አፈሙዝ በሞረድ አስፋቀው። ቀጥቃጩ «ከዚህ በላይ ካሳሳሁት ይፈነዳል» እስኪለው ድረስ። ለጠየቀው ሁሉ «ትከሻዬ አልችል አለኝ» ይል ነበር። ጓደኞቹ መስጊድ በር ላይ ያዙት።

«አንተ ሰው፣ ጠብመንጃህን ረመዳን አስጾምኸው እንዴ?»

አብሯቸው ሳቀ። እኔ ግን አፈርሁበት፤ አባቴ አረጀ ብዬም ተናደድሁ።

አንድ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ጠብመንጃውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የመጀመሪያውን ከርከሮ ሳትሁት፤ እኔው በጀርባዬ ወደቅሁ። ለካ የቀለለ ጠብመንጃ ይብስ ይራገጣል! ይህን እሱም አላሰበው፣ እኔም አላወቅሁ። «አመመሽ?» አለኝ። «ኧረ ምንም አልሆንሁ» አልሁት። በሦስተኛው ጥይት አንዱን ጣልሁት። ሥጋውን እስላሙም ክርስቲያኑም አይነካውም፤ ጅብ በላው። ማሽላው ግን ሳይጎድል ጎተራ ገባ። እኔም አዝመራው እስኪያልቅ የጠቆረ ትከሻዬን በሻርፕ ሸፍኜ ከረምሁ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ቀጥቃጩ ለቅሶ መጣ፤ እሱም ሸምግሏል። አጠገቤ ተቀምጦ፣ «የአባትሽ ትከሻ እኮ ደህና ነበር» አለኝ። «የቤታችሁን ዘነዘና ተሸክሞ መጥቶ፣ ‹ልጄ ይችን እንደ ዋዛ ነው የምታነሳት፤ ጠብመንጃው ከዚች እንዳይከብድ አርግልኝ፤ ለሰው ግን ለኔ ነው በል› ብሎ አስማለኝ።»

አላህ ይዘንለት። አገር እየሳቀበት እኔን ሰው አደረገኝ። ያ ጠብመንጃ ትከሻዬን እንዴት እንዳደረገው ሳልነግረው ሞተ፤ እንኳንም አልነገርሁት።