ጋሽ ሐኪም ያላዩት ፊልም

ሰፈሩ «ጋሽ ሐኪም» ይላቸዋል እንጂ መርፌ ይዘው አያውቁም። ፊልም አከራይ ናቸው። ሐኪም ያሰኛቸው፣ ፊልም ሲጠየቁ መልሰው የሚጠይቁት ነገር ነው፤ «ቤት ማን አለ? ማን ታመመ? ማን ከማን ተኳርፏል?» ይህን ሳይሰሙ ከመደርደሪያው አንድ ዲስክ አያወርዱም። ለተጣሉ ባልና ሚስት የሚያስቅ ይሰጣሉ፤ ፈተና ለወደቀ ልጅ ጀግናው መጀመሪያ የሚሸነፍበትን፤ አማት ለመጣችበት ቤት ደግሞ መሳሳም የሌለበትን። «አይቼዋለሁ፣ ለእናንተ ቤት አይሆንም» ካሉ አለቀ፣ ብትለምኗቸውም ወይ ፍንክች።

ሌላ ነጋዴ ቢሆን አዲስ አዲሱን ብቻ ያቀብል ነበር፤ የአዲስ ፊልም ኪራይ የአሮጌው ሦስት እጥፍ ነዋ። እሳቸው ግን «ሁለት ወር ታገሺ፣ ከአሮጌዎቹ ጋር ሲቀላቀል በርካሽ ትወስጂዋለሽ። ፊልም ዳቦ አይደል፣ አይሻግት» እያሉ ገበያቸውን በገዛ አፋቸው ያባርራሉ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይጠላል? እኔ ግን አንድ ቀን ጠልቻቸው ነበር።

ያኔ እናቴ ከሞተች ስድስት ወሯ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ድሮ ወሬ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል። ከቀብሩ በኋላ ግን «እሺ» እና «ይበቃኛል» ብቻ ቀሩት። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እለፈልፋለሁ፤ እሱ ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ከደጃፍ እንኳ አይወጣም። እሱንም በቁሙ ላጣው ነው ብዬ እፈራ ነበር።

አንድ ጠዋት ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ ስለ አንድ አዲስ ፊልም ታወራኛለች፤ ሚስቱ ስለሞተችበት ሽማግሌ ነው። አባቴ ዞር አለና «እሱን ፊልም አምጪልኝ» አለኝ። ሴትዮዋን በመርፌ እንደተያያዘች ትቻት ሮጥኩ።

ጋሽ ሐኪም ገና ሳልጨርስ «አይሆንም» አሉኝ። «አይቼዋለሁ። ለአባትሽ መርዝ ነው። ይልቅ ይሄን አስቂኙን ውሰጂ፣ በነፃ።»

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ስድስት ወር ሙሉ ዝም ያለ ሰው አፉን ከፍቶ የጠየቀው ነገር ነው። የሚከለክሉት እርስዎ ማን ስለሆኑ ነው?» አልኳቸውና የአዲስ ፊልም ኪራዩን ባንኮኒው ላይ ወረወርኩት። ሰው ሁሉ እያየ። ዲስኩን ሰጡኝ፤ ገንዘቡን ግን አልነኩትም።

ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር አየነው። ሚስትየዋ ስትሞት፣ በእናቴ ቀብር ላይ አንዲት እንባ ያላወጣው አባቴ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔ ጉድ ሆንኩ፤ ጋሽ ሐኪም እውነታቸውን ነበር ብዬ ልዘጋው ብድግ ስል እጄን ያዘኝ። «ተይው፣ ይለቅ።» ሲያልቅ ስለ እናቴ ማውራት ጀመረ። አውቶቡሱ ውስጥ እንዴት እንዳገኛት፣ ረዳትህ መልስ አጉድሏል ብላ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንዴት እንደጨቀጨቀችው። እራት ቀርቦም አላቆመም። አባቴን መልሼ አገኘሁት።

በማግስቱ ዲስኩን ይዤ ስሄድ ጋሽ ሐኪም በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«እንዴት ሆነ?» አሉኝ፣ ሰላምታም የለ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። አላየሁትም።»

«እንዴት አላየሁትም ይላሉ?»

«የእኔዋ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ፊልሙን ሦስት ጊዜ ከፈትኩት፤ ሚስትየዋ ሆስፒታል ስትገባ አጠፋዋለሁ። መጨረሻውን ከደንበኛ ሰምቼ ነው የማወራው። የፈራሁት ለአባትሽ አልነበረም።»

አንጀቴን በሉት። ስንቱን ቤት ሲያክሙ የኖሩ ሰው፣ የእሳቸውን ቤት ግን «ማን አለ?» ብሎ የጠየቀ የለም። እኔማ ጭራሽ ገንዘብ ወርውሬባቸዋለሁ። ይቅርታ እንኳ ማለት አቅቶኝ፣ ዲስኩን እንደያዝኩ ቤቴ ተመልሼ ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ ኮቱን ለበሰ። መንገዱን ሁሉ እየቀደመኝ ሱቁ ደረሰና፣ «ዝጋው» አላቸው።

«ምኑን?»

«ሱቁን ነዋ። ና፣ እኛ ቤት እናየዋለን። እዚያ ቦታ ሲደርስ አጠገብህ ነኝ።»

ጋሽ ሐኪም አልተከራከሩም። መዝጊያውን ሳቡ፤ ቁልፉ ግን ቀዳዳውን እየሳተ አስቸገራቸው። አባቴ ከእጃቸው ተቀብሎ ቆለፈላቸው።