ለካፒታኖው እጅ የተቀረጸ እጀታ

ከኮልፌ የወጣሁት ገና ሲመሽ ነው፣ የእራት ጭስ ከየቤቱ እየወጣ። ስንቅ የለኝ፣ ጋቢ የለኝ፤ በእጄ ያለው የጣሊያኑ ሻምበል፣ የካፒታኖው፣ ሽጉጥ ብቻ ነበር። የታናሽ ወንድሜን የብሩን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁትም ያኔ ነው። «ጋሼ፣ ወደ ላይ! ወደ ጫካው ይሩጡ!» እያለ ይጮኻል፣ እሱ ግን እያነከሰ ወደ ወንዙ ቁልቁል ይሮጣል። ከኋላችን መትረየስ ይንጣጣል። አገር ቤት ያላችሁም፣ እዚህ ሱዳን እንደኔ ፀሐይ የምትቆላችሁም፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ ባለ እጅ ነኝ። ማጭድ እስላለሁ፣ ጠመንጃም እጠግን ነበር። ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃውን ትቼ ማጭድ ላይ ብቀርም ወሬ አይደበቅም፤ አንድ ቀን አስተርጓሚው መጣ።

«ካፒታኖ የተኩስ ውድድር አለባቸው። የሽጉጡ ቃታ ጠንክሮባቸዋል፣ እጀታውም እጃቸው ላይ አይቀመጥም። ታበጀዋለህ።»

«እንቢ ብልስ?»

«ወንድምህ እኛ ጋ ታስሮ የለም እንዴ?» አለኝ፣ የከብት ደኅንነት እንደሚጠይቅ ሰው።

ብሩን ያሰሩት ለአርበኞች ዳቦ አቀበልክ ብለው ነው። ካፒታኖው ካሸነፈ ብሩ ይፈታል፤ ከተሸነፈ በወረቀቱ ዒላማ ቦታ እሱ ይቆማል። ስምምነቱ ይኸው ነበር።

እጀታ የሚቀረጸው በእጅ ልክ ነው። እጁን ልለካ ብል ካፒታኖው እንደ በርበሬ ቀላ።

«ጥቁር እጄን አይነካም ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«ሳልነካው በምን ልወቀው?»

«በዓይንህ።»

«ዓይኔ መዳፍ የለውም፣ ጌታዬ።»

ይቺን አልተረጎማትም። በመጨረሻ ብር ሠሪዎች እንደሚያደርጉት ሰም አለሰለስኩና ካፒታኖው ጨበጠው። ያን እያየሁ ከወይራ እንጨት ቀረጽኩ። ቃታውንም አቀለልኩለት። ሞከረና አሁንም ይቅለል አለ።

«ከዚህ በላይ ከቀለለ ሲተነፍሱም ይተኩሳል በላቸው» አልኩ።

«መተንፈሱን ለኔ ተወው ይላሉ።»

የሙከራው ቀን ጣሊያኖቹ ግቢ ውስጥ ቆመናል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን አባባ ሙላት ለአህያቸው ሣር ያጭዳሉ። ካፒታኖው ሽጉጡን አነሳ። የመጀመሪያዋ ጥይት ባርኔጣቸውን ወሰደች። አባባ ቀና ሲሉ ሁለተኛዋ አንገታቸው ላይ ገባች። እኔ የሳልኩላቸውን ማጭድ እንደያዙ በግንባራቸው ተደፉ። ካፒታኖው ሽጉጡን ገልበጥ አድርጎ አየና አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ትንሽ ወደ ግራ ይስባል ይላሉ» አለ አስተርጓሚው፣ መሬት መሬት እያየ። «አስተካክለው።»

ከማዶ የሚስታቸው ጩኸት ይሰማል። እኔ ሞረዴን አንስቼ አስተካከልኩ። ብሩ፣ ብሩ፣ ብሩ እያልኩ ነው የሞረድኩት። ያን ቀን ጣሊያንን ብቻ ሳይሆን ብረትንም ጠላሁ።

እሑድ ውድድሩ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነ። ሹማምንቱ ወይን ይጠጣሉ፣ አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል። ካፒታኖው ሁሉንም ጥይት አንድ ጉድጓድ ውስጥ የከተተ እስኪመስል ድረስ አነጣጥሮ መታ። አሸነፈ። ሽጉጡን ሳመው፣ እኔን ግን ዘወር ብሎም አላየኝ። ቀኑ ሊመሽ ሲል ብሩን አስወጡት። አንድ እግሩ አብጧል፣ ጺሙ አድጓል፤ ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«ነፃ ነው፣ ይሂድ ይላሉ» አለኝ አስተርጓሚው።

ብሩ እያነከሰ ሄደ። ዒላማው የነበረበት ቦታ ሲደርስ ካፒታኖው ክንዱን ዘረጋ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኩ።

«ድሉን ሊመርቁ» አለ አስተርጓሚው።

አትንካ የተባልኩትን እጅ በሁለት እጄ ያዝኩት። ልክ እንደ ሰሙ ነበር፣ እያንዳንዱን ጣት አውቀዋለሁ። ወደ ራሱ ጠመዘዝኩት። ለትንፋሽ የቀለለው ቃታ አልጠበቀም፣ ጥይቱ ሆዱ ውስጥ ገባ። እንደማንኛችንም እናቱን ጠርቶ ወደቀ። ሽጉጡ እኔ እጅ ቀረ። አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ሳንጃውን ወድሮ ሲመጣብኝ ተኮስኩበት፤ እጀታው መዳፌ ውስጥ ዞረና ጥይቱ ሰማይ ወጣ። ለኔ እጅ አልቀረጽኩትማ! በብረቱ ፊቱን አልኩት፣ ጥርሱ ረገፈ። ከዚያ ሩጫ ነው፣ ብሩ ወደ ወንዙ፣ እኔ ወደ ጫካው። ጫካው ውስጥ ሆኜ ዞር ስል ሰፈራችን ይነዳል። የኛም ቤት ከሚነዱት አንዱ ነበር።

በወለጋ በኩል አድርጌ፣ ለምኜም ተደብቄም፣ ድንበር ደረስኩ። እዚያ አንድ እንግሊዝ ሽጉጡን ቀማኝ።

«ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ሰረቅከው?»

«ሠራሁት።»

ጨበጠውና ፊቱን አጨማደደ። «አይመችም።»

«የሚመቸው ሰው ሞቷል፣ ጌታዬ።»

«ቤተሰብ አለህ?»

«አንድ ወንድም።»

«በሕይወት አለ ወይስ የለም?» አለ፣ ብዕሩን መዝገቡ ላይ ደቅኖ።

«አላውቅም።»

«አንዱን ምረጥ።»

«ብመርጥ ይሆናል?» አልኩት። ተናደደና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

አሁን ገዳሪፍ ነኝ። ሙቀቱ ከብረት ማቅለጫዬ አፍ አይለይም፤ የኮልፌን ሐምሌ፣ ያን ሁሌ የምረግመውን ጭቃ፣ በሕልሜ አየዋለሁ። የማሽላ ገንፎአቸውን አሲዳ ይሉታል፣ ሆድ ይሞላል እንጂ ምላስ አይቆጠቁጥም። ሰዉ ደግ ነው፣ ሳያበላህ አያሳልፍህም። ጠመንጃ አልነካም፤ ቢላዋ እሠራለሁ፣ ኡስታ ይሉኛል፣ ባለ እጅ ማለታቸው ነው። አከራዬ ሐጂ ግን አንዱን ቢላዋ በቀኛቸው ጨብጠው አልመች ሲላቸው ይስቁብኛል።

«ኡስታ፣ ያንተ አገር ሰው ሁሉ ግራኝ ነው?»

«አንድ ሰው ብቻ፣ ሐጂ።»

ብሩ ግራኝ ነው። እናታችን ብትመክረው፣ ብትቆነጥጠው፣ ሰው የሰጠውን ሁሉ በግራው ይቀበል ነበር። ለሱ እጅ ሰም አያስፈልገኝም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዤ ያሳደግኩት እጅ ነው። አገር ጥሎ የሚመጣ ሰው ከስቶ፣ ጺሙ ፊቱን ሸፍኖ ነው የሚደርሰው፤ መልክ አይታመንም። ስለዚህ ከኮልፌ ሰው መጣ በተባልኩ ቁጥር ያችን ቢላዋ ይዤ እሮጣለሁ፣ እንኳን ደህና መጣህ ብዬ እዘረጋለታለሁ፣ ዓይኔን ከእጁ አልነቅልም። እስከ ዛሬ ሁሉም በቀኛቸው ነው የተቀበሉኝ።