አንቺም ነበርሽ

ልጅ ሳለሁ ያልገባሁበት ተረት አልነበረም። ሦስት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ ታላቅ እህቷ እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ተረት ሲያወሩ የሚሰማቸውን ልጅ ውጭ አያስቀሩም። ጅብና አህያ ሲጣሉ እኔ ዛፍ ላይ ሆኜ አያለሁ፤ በአንበሳው ሠርግ ደግሞ ልጃቸው ሙና እንግዶቹን እጅ ታስታጥባለች። «አንቺም ነበርሽ እኮ ሀያት፣ ረሳሽው እንዴ?» ይሉኛል። አልረሳሁም እላለሁ፤ እውነትም ያልረሳሁት ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ ዘሃራ የጥጥ ትራስ እየሰፉ ለፍራሽ ነጋዴዎች ያስረክቡ ነበር። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ መጥፋቱን ያውቅበታል፣ ፋኖሱን ሳጥን ላይ ያስቀምጡና የከሰል ምድጃውን ከጥጡ አርቀው ወደ ደጃፍ ይገፉታል፤ ከዚያ ጥጡን በጣታቸው እያፍታቱ ያወሩልናል። የከሰሉ ጭስ ከሱቆቹ ከሚመጣው የበርበሬ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ያስነጥሰናል። ፍሙ በነፋስ ቦግ ሲል የሙና ፊት ይታየኛል፣ መልሶ ይጠፋል። እኔ አርፌ የምቀመጥ ልጅ አልነበርኩም። አንዱ ተረት ሳያልቅ ሌላ እንዲጀምሩ እነዘንዛቸዋለሁ፤ «ይቺ ልጅ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጠችው!» እያሉ ይስቁብኛል።

ከጅቡም ከአንበሳውም ለይቼ የራሴ የምለው አንድ ነገር ነበረኝ። ጁምዓ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል። ሰጋጆቹ መንገዱን ሞልተውታል፤ እናቴ እኔን አዝላ፣ ሶላቱ እስኪያልቅ አንድ ቅመም ቤት ታዛ ሥር ቆማለች። ጎርፉ አንድ እግር ጫማዋን ይወስድባታል። በአንድ እግሯ ቆማ ትስቃለች፤ ሰው እየሰገደ ስለሆነ ድምጿን አፍና ነው የምትስቀው። መሳቋን የማውቀው ጉንጬን በለጠፍኩበት ጀርባዋ መንቀጥቀጥ ነው። ፊቷን አላይም። ፎቶዋ አለኝ፣ ፎቶው ግን አይስቅም። ስትስቅ የማውቃት በዚያች ዝናብ ብቻ ነው።

አድጌ ሥነ ልቦና ተማርኩ፤ አሁን አስተምራለሁ። ስለ ማስታወስ የተማርኩት የመጀመሪያው ሞዴል በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለመርካቶ ልጅ ቶሎ ይገባልና። ያየነውና የሰማነው ሁሉ መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ይራገፋል፤ ልብ ያልነው ወደ ሱቁ ይገባል፤ ደጋግመን ያነሳነው ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ መጋዘኑ ተወስዶ ለዓመታት ይቀመጣል። የእናቴ ጀርባ መጋዘኔ ውስጥ አለ ብዬ ተረጋጋሁ።

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ግን ነገሩን አበላሸብኝ። ሰው ያለፈውን እንደ ዕቃ አንስቶ አያወጣም፣ ባስታወሰው ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራዋል ይላል። የጎደለውን ከሌላ ሰው በሰማው ይሞላል፤ ከየት እንዳገኘው ይረሳና ሁሉንም በዓይኔ አየሁ ይላል። ስማር በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌው አልፌ ነበር። አንድ ቀን ግን ይህንኑ ለተማሪዎቼ እያስረዳሁ ሳለ የራሴ ዝናብ ትዝ አለኝ። የዝናቡን ቀን እትዬ ዘሃራም ያወሩት ነበር፤ ከጅቡ በኋላ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፋኖስ።

ፈራሁ። ያቺም ዝናብ እንደ አንበሳው ሠርግ ከሆነች እናቴን አላውቃትም ማለት ነው። ቁጭ ልበል ብልም አቃተኝ። ሙና ጋ ደወልኩ። «እንዴ፣ አስታውሰዋለሁ እኮ! ጫማዋ ሰማያዊ ነበር» አለችኝ። ሙና ያኔ አልተወለደችም ነበር።

በነጋታው እትዬ ዘሃራ ዘንድ ሄድኩ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ እማዬ ጫማዋን ጎርፍ የወሰደባት ቀን፣ እውነት እኔ ነበርኩ? ወይስ እንደ ሌላው ተረት አስገብተውኝ ነው?»

መርፌውን ትራሱ ላይ ሰክተው ቀና አሉ። «እኔ በምን አውቄ? እኔ መች እዛ ነበርኩ?»

«ታዲያ ማን ነገረዎት? እማዬ ናት?»

«እሷማ ምኑን ነገረችኝ! አንቺ ነሽ እንጂ የነገርሽኝ።»

በለቅሶው ሰሞን ነው አሉ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲያለቅስ እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ፣ «እማዬ ጫማዋ ሄደ፣ ጀርባዋ ሳቀ» እላለሁ። ልብ ያለኝ አልነበረም። እሳቸው ግን ሰሙኝ።

«ልጅ አይደለሽ፣ ትረሺዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ማታ ማታ መልሼ ላንቺው ማውራት ጀመርኩ። እህቴ እኮ ናት ሀያቴ፤ እሱን ብቻውን ላወራው ስል እንባዬ ይቀድመኛል። ጅቡን ሳስቀድመው ቀለል አለኝ። ከዚያ ተረት ለመድሽና መከራዬን አበላሽኝ!»

«ዝናቡስ? ሰጋጆቹስ? ቅመም ቤቱስ?» አልኩ።

«እሱን አንቺ ብለሽው ይሁን እኔ ጨምሬው ጠፍቶኛል። ስንት ዓመት አወራሁት!»

ስለዚህ ዝናቡ የማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ነገሩ አላሳርፍ ብሎኛል። ያኔ በፋኖሱ ብርሃን የሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ ያቺን አንዲት ነገር ለእኔ ለማድረስ የተወሩ መሆናቸውን ግን አወቅሁ። ከግቢው ወጥቼ በሱቆቹ መካከል ስሄድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ እትዬ ዘሃራ የዝናቡን ቀን ሲያወሩልን ፊታቸውን ከፋኖሱ ወደ ጨለማው ያዞሩ ነበር። ጥጥ የያዙት ጣቶቻቸውም ይቆሙ ነበር፤ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ስለ እንባቸው እስከነገሩኝ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አንድም ጊዜ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።