ጾመኛው ኮምፒውተር የፈሰከ ዕለት

ባለፈው ወር አንዲት ታማሚ ይዤ ቸርችል ጎዳና አጠገብ ካለ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ተራችን ደርሶ ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥ፣ ከራጅ ክፍል የሰጡንን ዲስክ ከወረቀት ልባሱ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው፤ መሳቢያው ጠቅ ብሎ ተዘጋና ዲስኩ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ ኋላም ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ዝንብ እያጉረመረመ ይሽከረከር ጀመር። ስንት ዘመን ያልሰማሁት ድምፅ ነው። የወንበሩን መደገፊያ ጨምድጄ ያዝኩ፣ ሐኪሙም ከታማሚዋ ይልቅ እኔን እያየ «እርስዎንም ያምዎታል እንዴ?» አለኝ። አያመኝም፤ እፈራለሁ እንጂ። ያን ድምፅ ስሰማ ዛሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ ቧንቧውም በሩም የጋራ በሆነ ግቢ ነው። አባቴ ነፍስ ሳላውቅ ሞቷል። እናቴ ሙሉነሽ እኔን ለታላቅ እህቷ ለእትዬ አስቴር አስረክባ ቤይሩት ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ስለነበር፣ እናት ማለት ለእኔ በየወሩ አንድ እሑድ ከጋሽ ሽኩር ሱቅ ስልክ ውስጥ የምትወጣ ድምፅ ነበረች። ጋሽ ሽኩር የግቢያችን በር ላይ ሱቅ የነበራቸው የጉራጌ ሰው ሲሆኑ፣ ስልኩ ሲጮህ «ማርታ! ቤይሩት!» ብለው ይጣሩ ነበር፤ እኔም በባዶ እግሬ እየሮጥኩ ሄጄ፣ ትንፋሼን መሰብሰብ አቅቶኝ፣ ግማሹን ጊዜ በማለክለክ እጨርሰው ነበር። እናቴም «ቀስ በይ፣ አልሄድም» ትለኝ ነበር፤ ሄዳ እያለች።

ከእኛ ጋር የሚኖረው የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ዳዊት ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በጋ ላይ ከየቦታው የለቃቀመውን ዕቃ ገጣጥሞ አንድ ኮምፒውተር ሠራና ግቢው በሙሉ ፊልም ሊያይ ወንበሩን እየያዘ ቤታችን ገባ። ጋሼ ዳዊት ግን የጫነበት አገሩ ሁሉ በኮፒ የሚቀባበለውን ፕሮግራም ሳይሆን ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም ከፍቶ የሚያየውን፣ የሚያርመውንና ለሌላው በነፃ የሚሰጠውን ነበር። «የተሰረቀ ነገር ቤቴ አይገባም» ይል ነበር፤ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ከጋሽ ሽኩር የተዋስነው የፊልም ዲስክ ገባ፣ ተሽከረከረ፣ ስክሪኑ ላይ ይህን ማጫወት አልችልም የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ። ለካ ማጫወቻው ለብቻው ከኢንተርኔት ተፈልጎ መምጣት ነበረበት፤ ኢንተርኔት ደግሞ እኛ ቤት በወሬ ነው የሚታወቀው። ጎረቤታችን እማማ ተዋቡ ወንበራቸውን አንስተው እየወጡ «ምነው፣ ሁዳዴ ገባ እንዴ? ይኼ እኮ ጾመኛ ነው፤ የሰጡትን ሁሉ እምቢ ይላል!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮምፒውተሩ ስም ጾመኛው ሆነ፤ ጋሼ ዳዊት ባለፈ ባገደመ ቁጥርም «እህ፣ ፈሰከ?» ይባል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የእናቴ ስልክ ቀረ። መጀመሪያ በመስመሩ አመካኘን፣ ቀጥሎ በዝናቡ፣ ከዚያ የሚመካኝበት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጥሪው እንዳያመልጠኝ ብዬ ሱቁ ደጃፍ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ እውል ነበር፤ ጋሽ ሽኩር ማስቲካ ይሰጡኝና ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ትልልቆቹ እኔ ስገባ ወሬ ማቋረጥ ጀመሩ። ይህ ነው በጣም ያስፈራኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም፤ ይደበቃል፣ ይመከርበታል፣ ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ፣ ሰዎች ሰብሰብ ብለው በር ያንኳኳሉ። ይህን ግቢያችን ውስጥ አይቼ ስለማውቀው፣ ጠዋት ጠዋት በር በተንኳኳ ቁጥር ብርድ ልብሴን ጆሮዬ ላይ ጎትቼ እናቴን በሆዴ «እንዳትሆኚ፣ እንዳትሆኚ» እላት ነበር።

መስከረም ጠብቶ አደዩም ረገፈ። ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ አፍ በሚያስይዝበት አንድ ማለዳ፣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስቴር ስትከፍት ደጃፉ ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች የማናውቃት ወጣት ቆማለች፤ ከኋላዋ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌና ነጠላ የተከናነቡ ሴት አሉ። ወጣቷ «የሙሉነሽ ቤት ይኼ ነው?» አለች። እትዬ አስቴር ሌላ ቃል አልጠበቀችም፤ «ወይኔ ሙሉዬ! ወይኔ እህቴን!» ብላ ደረቷን መታች።

ግቢው በአንድ ጊዜ ተነሣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ፣ አንዷ እኔን አቅፋ ዓይኔን በመዳፏ ሸፈነችኝ። ሐና የምትባለው ያቺ ወጣት ግራ ተጋብታ «ኧረ እትዬ፣ አልሞተችም! ደህና ናት! ከቤይሩት ትናንት ነው የገባሁት፣ መልእክት ላደርስ ነው የመጣሁት!» ትላለች። ኋላ እንደሰማነው፣ ጥቁሩ ልብስ አሠሪዋ የሰጠቻት ነው፤ ማለዳ የመጣችው የአገሯ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ሰፈሩን የሚያሳዩአት አጎቷና ሚስታቸው ናቸው። ግን ለመርዶ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል? እማማ ተዋቡ እንባቸውን እየጠረጉ «ደህና ከሆነችማ ስለምን ድምፅዋ ጠፋ?» ቢሏት፣ ሐና «ትንሽ አሟት ነበር» አለች። ይህች ቃል ጨረሰችን። እኛ የሞተን ሰው ወሬ የምንጀምረው «ትንሽ አሞት ነበር» ብለን ነው፤ ቤት ያለው ሁሉ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ሐናም ደንግጣ አብራ አለቀሰች፣ ማልቀሷ ደግሞ ማረጋገጫ ሆነ። ከቦርሳዋ ከተለመደው ያነሰች፣ የእኔን መዳፍ የምታክል ዲስክ አውጥታ ለእትዬ አስቴር ሰጠቻትና «ራሷ ናት የላከችው፤ እዩት በቃ፣ እኔን ካላመናችሁኝ እሷን እዩ» ብላ፣ አጎቷ አውቶቡሱን እያስታወሷት ሄደች።

እማማ ተዋቡ ዲስኳን አገላብጠው አይተው ለጎናቸው ሴትዮ በሹክሹክታ «የቀብሯ ፊልም ይሆናል» አሉ። ሹክሹክታቸው የሌላ ሰው ጩኸት ያህላል፤ ሰማሁት። ያን ጊዜ ከውጭ አገር በዲስክ የሚመጣው ወይ ሠርግ ነው ወይ ቀብር፤ እናቴ ደግሞ ሠርግ የላትም።

ጋሽ ሽኩር ዲስኳን ይዘው ወደ ሱቃቸው ሮጡ፤ የዲቪዲ ማጫወቻ የነበራቸው እሳቸው ናቸው። ማጫወቻው ዲስኳን ዋጠ፣ ጥቂት አሰበ፣ «ዲስክ የለም» ብሎ ጻፈ። አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ደገሙት። «ዲስክ የለም»። ጋሽ ሽኩር ዲስኳን ይዘው ሲመለሱ እማማ ተዋቡ «አያችሁ፣ ባዶ ነው! ለማጽናኛ ብላ ነው የሰጠችን፣ ምስኪን» አሉ፤ አንድ ሰውም የእድሩን ጥሩንባ ነፊ ሊጠራ ወጣ። ጥሩንባ ከተነፋ፣ ድንኳን ከተተከለ፣ እናቴ ትሞታለች ብዬ አሰብኩ። እስካሁን ባትሞት እንኳ ያኔ ትሞታለች።

ጋሼ ዳዊት እስከዚያች ሰዓት ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው የማላውቀው ሰው ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመና «ዲስኩ ሳይታይ ጥሩንባ አይነፋም!» አለ።

«ባዶ ነው እኮ ልጄ» አሉት እማማ ተዋቡ።

«ባዶ አይደለም። የካሜራ ዲስክ ነው፤ ቀርጸው ሲጨርሱ ካሜራው ላይ መዝጋት ነበረባቸው፣ ሳይዘጉት አወጡት። እንዲህ ያለውን ሌላ ማጫወቻ ባዶ ይመስለዋል።»

«ጾመኛው ታዲያ ምን ያደርገዋል?»

«ጾመኛው እምቢ ሲል ለምን እንዳለ ይነግረኛል። አስገድጄም አስነብበዋለሁ» አለና፣ ሲሳቅበት በእልህ የተወውን የማጫወቻ ፕሮግራም ከሥራ ቦታው በፍላሽ ገልብጦ ሊያመጣ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ሮጠ።

እስኪመለስ ድረስ ሴቶቹ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጥሩንባ ነፊው መጥቶ ጥሩንባውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ላይ ይጠብቅ ነበር። እኔ ከሴትዮዋ እቅፍ ሾልኬ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌላው ሁሉ ጋሼ ዳዊት እንዲሳካለት ይጸልያል፤ እኔ ግን ሣጥኑን በእጄ ይዤ «እባክህ ጾምህን አትፍታ፣ እምቢ በል» እለው ነበር። እምቢ ካለ እናቴ ያለችበት አይታወቅም፣ ካልታወቀ ደግሞ አለች ማለት ነው። የልጅ ሒሳብ ነው፤ ዛሬም ግን ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ አላገኘሁትም።

ጋሼ ዳዊት ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። ስክሪኑን ጥቁር አደረገው፤ ነጫጭ ፊደላት እየጻፈ፣ እያነበበ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እየጻፈ ሄደ። አንዲት ቃል የማይገባቸው ሰዎች ከትከሻው በላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። ከዚያ ዲስኳ መሽከርከር ጀመረች። ትፈጥናለች፣ ትንተባተባለች፣ ትቆማለች፣ ሁላችንም አብረናት እንቆማለን፤ እንደገና ትነሣለች። አንድ ጊዜ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል እትዬ አስቴር «በስመአብ!» ብላ ክንዴን ጨመደደችው፤ የጥፍሯ ምልክት ስንት ቀን አልለቀቀኝም። መብራቱ ተመለሰ። ጋሼ ዳዊት «ያለውን ሁሉ አነበበልኝ፤ እንግዲህ ላጫውተው ነው» አለና ዞሮ እኔን አየኝ፤ አውጧት ሊል ፈልጎ ይመስለኛል፣ ግን አላለም።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዲት ሴት በዐረብኛ ትናገራለች፣ ትስቃለች። ቀጥሎ ኮርኒስ ታየ፣ ከዚያ መጋረጃ፣ ከዚያ ነጭ አንሶላ። አንሶላውን ሳይ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእናቴ ድምፅ «ተጀመረ እንዴ?» ሲል ነው የገለጥኩት።

አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ሰማያዊ ሻሽ አስራለች፣ ከስታለች። «እትዬ፣ እንደምን አለሽ? ዳዊትዬ፣ ማርታዬ፣ የኔ ሆድ» አለች። «ስልክ አልመች ብሎኝ ነው። የእመቤቴ ልጅ በካሜራዋ ልቅረጽሽ ስትለኝ ደስ አለኝ። አታስቡ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ። ከሰው አፍ ምንም ነገር እንዳትሰሙ፤ ደህና ነኝ።» ሐና እዚያው አልጋው አጠገብ ቆማ ትታያለች፤ ልብሷ ያው ጥቁሩ ነው።

ቤቱ በእልልታ ሊፈርስ ደረሰ። ጋሽ ሽኩር «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጋሼ ዳዊትን አንጠልጥለው አነሱት፤ ጥሩንባ ነፊው ጥሩንባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቀስ ብሎ ወጣ፤ እማማ ተዋቡ እያለቀሱም እየሳቁም «ጾመኛው ፈሰከ! ጎበዝ፣ ጾመኛው ፈሰከ!» አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ፊልሙ ይደገም ያልኩት እኔ ነኝ። ተደገመ። ሦስተኛም ታየ። ከወገቧ በታች ወፍራም ብርድ ልብስ ተደርቧል። እናቴ ተቀምጣ ማውራት የማትችል ሰው ነበረች፤ ቆማ፣ እየተዘዋወረች፣ አንድ ነገር እያነሳች ነው የምታወራው። እዚህ ግን ካሜራዋ እስክትጠፋ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣችም።

«እማዬ ለምን አትነሣም?» አልኩ።

«ደክሟት ነዋ የኔ ልጅ፣ ሥራ ውላ» አለችኝ እትዬ አስቴር፣ እየሳመችኝ። ጋሼ ዳዊት ግን ፊልሙን ብርድ ልብሱ ላይ አቁሞ ለረጅም ጊዜ አየና ስክሪኑን አጠፋው። እሱም አይቷል። እኔና እሱ በጋውን በሙሉ ያንን ፍርሃት ተካፍለን፣ አንድ ቀንም ሳናወራው፣ ቤተሰቡ ሲስቅ አብረን እየሳቅን ከረምን።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ በሁለት ክራንች መጣች። መስኮት ስትወለውል ከፎቅ ወድቃ ኖሯል፤ አጥንቷ የተጠገነው ለይስሙላ ነበር። ኤርፖርት ላይ እንዳየችን ያለችው «ደህና ነኝ» ነው።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ዲስክ የሚገባበት ኮምፒውተርም እምብዛም አይታይም። መርዶውም ደስታውም በእጅ ስልክ ስለሚመጣ ማለዳ በር የሚያንኳኳ የለም፤ ከሩቅ ያለ ሰው ፊቱን እያሳየ ያወራናል፣ ደስ ይላል። እኔ ግን ሰው በስልክ ፊቱን እያሳየ ደህና ነኝ ሲለኝ ደስታው ቶሎ አይደርሰኝም። «እስቲ ተነሥና ስልኩን ዝቅ አድርገው» እላለሁ፤ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኛል።

ክሊኒኩ ውስጥ የዲስኩ ማጉረምረም አበቃና ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረው። ዳሌና ጭን ነው፤ ከዘመናት በፊት ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመው አጥንት በጥቁሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ብርድ ልብሱ የሸፈነው ይኸው ነበር። ሐኪሙ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ታማሚ ዞሮ «ይኼ እኮ በጣም ነው የሚያመው፤ እንዴት ቻሉት እናቴ?» አላት።

እናቴ ከዘራዋን አስተካከለች። «ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ ልጄ» አለችው፤ ከወንበሩ ለመነሣትም ክንዴን ፈለገች።