የዝናሽ መንጋጋ፦ ከይፋግ ባሕር ዳር

ከይፋግ የተነሣነው ማለዳ ነው፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴ የሺና የአምስት ዓመት ልጇ ዝናሽ። የልጅቱ ቀኝ መንጋጋ አብጦ ዓይኗን ሊደፍነው ደርሷል። የሰፈራችን ጥርስ ነቃይ «ትል ነው» ብሎ ሁለት ጥርስ ነቀለላት፤ እብጠቱ ባሰበት። ሦስተኛ ሊነቅል ሲመጣ እኔ እምቢ አልሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት መቀመጥ ሰልችቶኛልና ሐኪም ቤት ለመውሰድ ቀድሜ የተነሣሁት እኔው ነኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይዘን ተሳፈርን።

ወረታ

የፎገራ ሜዳ ገና ውሃ እንደተኛበት ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ሳይቀር ቢንቢ ይርመሰመሳል። ወረታ ላይ ዳቦ ገዛን። ዝናሽ ማኘክ ስላቃታት የሺ እያላመጠች ታጎርሳት ጀመር።

«ልጅሽ የወፍ ጫጩት ናት እንዴ?» አሉ አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ።

«ወፍስ ብትሆን በርራ ትደርስልኝ ነበር፣ አባባ» አለች የሺ። አውቶቡሱ ሳቀ።

ዓባይ ድልድይ ላይ ፍተሻ የቆመ ወታደር ወረቀታችንን ማገላበጥ ጀምሮ ነበር፤ ዝናሽን ሲያይ «እለፉ፣ እለፉ» አለን።

ባሕር ዳር

ሆስፒታል ከእብጠቱ ናሙና ወስደው መረመሩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ነገር አያለባብስም። «ጥርስ አይደለም። ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው። መድኃኒት አለው።»

የሺ ልጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ «የአምስት ዓመት ልጅ ከየት አመጣችው?» አልሁት።

«በምራቅ የሚተላለፍ ቫይረስ አለ። ሰውነትን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ እንዲራቡም ይገፋፋቸዋል። ጤነኛ ሰውነት ይቆጣጠረዋል። ወባ እንደ እሷ የሚመላለስበት ልጅ ግን መከላከያው ይደክማል፤ ከሚራቡት ሕዋሳት አንዱ ተበላሽቶ ያለ ልክ መብዛት ሲጀምር እንዲህ ያብጣል።»

የሺ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «በምራቅ» የሚለውን ነው። «እኔው ነኛ! እያላመጥሁ ያጎረስኋት እኔ!» ብላ ልጅቱን ከጭኗ አወረደች። መርፌው ተዘጋጅቷል፤ ዝናሽ ደግሞ ያለ እናቷ እቅፍ ማንንም አታስጠጋም። ብንለምናት፣ ብንቆጣት የሺ እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም።

«እህቴ፣ ቫይረሱ እኔም ላይ አለ» አላት ዶክተሩ። «ብዙው ሰው ይዞት ይኖራል፤ ምንም አያደርገው። ብቻውን ይህን አያመጣም።»

«የሺ፣ እናታችን ለአንቺም ለእኔም አላምጣለች» አልሁ። «ገደለችን? ልጅሽን ያዣት!»

ያዘቻት። መርፌው ሲገባ ከዝናሽ ይልቅ የጮኸችው እሷ ናት።

ጣና ዳር

ከመርፌ እስከ መርፌ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አስጋሪ የሆነ ዘመዳችን ቤት ከረምን። እብጠቱ ክረምት እንዳለፈበት ውሃ ሸሸ፤ የተደፈነው ዓይን ተገለጠ። ዶክተሩ ግን «ዳነች» አላለንም፤ ለቀሪው መድኃኒት እንድንመለስ አዘዘ።

ይፋግ

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ «ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ያድናል፤ «ማን አመጣው?» ማለት ግን እናትን ከልጇ ይለያል። ይህን ለሰፈሩ ልናገር ስዘጋጅ የየሺ አማት ከደጅ ተቀበሉን።

«ውይ ልጄን! የማን ዓይን ነበር የበላት?»

«የማንም አይደለም፣ እማማ» አለች የሺ። «ወባም እጁ አለበት። እዚህ እርስዎ ደጅ ያቆረውን ውሃ አብረን እንድፈነው።»