መስመሩ እስኪያልቅ

አባየ ከግድግዳው ጀርባ መቀመጤን ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም? ዕድሜዬ ይህን ያህል ገፍቶም መልሱን አላገኘሁትም።

ጥያቄው ሰሞኑን የተመለሰብኝ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ኮምፒውተር በምማርበት ክፍል ነው። በሲ ቋንቋ፣ ከኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ፕሮግራም ጽፌ አንድ ፊደል ብመታ ዝም፤ ሌላ ብጨምር ዝም። ትምህርት ዘግይቼ የጀመርኩ ነኝና ስህተትን ሁልጊዜ ከራሴ እፈልጋለሁ፤ ኮዴን ከላይ እስከ ታች ስፈትሽ አስተማሪያችን ሰዓዳ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆነው፣ ሳቀች። «እትየ፣ ፊደሎቹ እኮ ተጠራቅመው ቆመዋል፤ ኢንተር ተጭነው መስመሩን ካልዘጉ ለፕሮግራሙ አይደርሱትም። ወዲያው እንዲያልፉ ማድረግም ይቻላል፤ ላሳይዎት?»

«ተይው፤ እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አውቅ ነበር» አልኳት።

አባቴ፣ አባየ፣ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ንባቡን ያስተምሩ ነበር። በከላላ መንገድ ዳር ባለችው ቤታችን፣ የጥላሸት ቀለምና የራሰ በርኖስ በሚሸትበት ክፍል፣ ደረሶቹ፣ ተማሪዎቻቸው፣ ሎህ የምንለውን የእንጨት ሰሌዳ ታቅፈው ተራ በተራ ይቀራሉ። ደረሳው ሲሳሳት አባየ መሃል ላይ አያቋርጡትም፤ ልጁ ፊታቸውን ሰርቆ ሲያይ እሳቸው ደጅ ያለውን በግ ያያሉ። «ጨርስና እንነጋገራለን» ነው መልሳቸው። መስመሩ ሲያልቅ ግን ከመጀመሪያዋ ፊደል ተነስተው አንዲት ሳያልፉ ያርሙታል።

እኔ ከግድግዳው ወዲያ ጓዳ ነኝ። እማየ ወገቧን ታማ የቤቱ ሥራ በኔ ላይ ስለወደቀ፣ ከትምህርቱ «እሷ ትቆይ» ተብያለሁ። ገብስ እያበጠርኩ፣ ጭቃው በተሸረፈበት ቀዳዳ እየሰማሁ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ እቀራለሁ። ክረምት ወጥቶ ግድግዳው በተመረገ ቁጥር አባየ «እሷን ቀዳዳ ተዋት፣ አየር ታስገባለች» ይሉ ነበር። በዚያ ብርድ አገር አየር ያጠረው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ቤቱ ፈርሷል፤ አባየም የሉም። ዛሬ ሰው ሁሉ ገና አፌን ስከፍት ነገሬን ይጨርስልኛል።

በልጅነቴ አንድ ቀን ግን አንዱ ደረሳ መስመሩ መሃል ላይ ደርቆ ቀረ። አባየ ጠበቁ። ሰፌዱን አስቀምጬ ወጣሁና «አባየ፣ እኔም እችላለሁ» አልኩ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ገብሱንስ ማን ሊያበጥር?» አለ ከደረሶቹ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

አባየ ወደ እኔ አልዞሩም፤ አላቋረጡኝምም። እጄ ላይ ገለባ እንደተለጠፈ፣ መስመሩን ከመነሻው እስከ ጫፉ ቀራሁት።

«ሁለተኛዋን ፊደል አሳጥረሻታል» አሉኝ። ከዚያ ለደረሶቹ፦

«ሎህ ስጧት።»