ቅቤ የጠጣው የዋንዛ ጠረጴዛ

በሐምሳዎቹ ዓመታት ወረታ ከነበሩት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ በንብረት ጠባቂነት ተመድቤ ስለ ነበር፣ በቢሮው ለነበረው የዋንዛ ጠረጴዛ ተጠያቂው እኔ ነበርሁ። ዛሬም የራሴን ጠረጴዛ በሳሙና ውሃ ሳሽ የረጠበ ዋንዛ ሽታ ሲነሣ ያ ሰሞን ይመለስብኛል።

ጠረጴዛው ቀለም አልተቀባም። የሠራው አናጢ፣ «ሳሙና እንጂ ቅባት አታቅምሰው» ብሎኝ ስለ ነበር፣ በፈላ ውሃ የሟሟ ሳሙና በስሱ አጠጣው ነበር። ከደብረ ታቦር ተቆጣጣሪ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ግን፣ ጧት በሩን ስከፍት የቅቤ ሽታ ተቀበለኝ። ጠረጴዛው ላይ ዝንብ ሰፍሯል። እዚያው ትቼው የሄድሁት ወረቀት ቅባት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል።

የመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛ ፊታቸው በርቶ ከደጃፉ ቆመዋል።

«እንግዳ ሲመጣ ራስ እንኳ ይቀባ የለ? የፎገራ ላም ቅቤ ነው፤ ለጋ!»

አለቃችን አልሳቁም። «ነገ የተቆጣጣሪው ወረቀት ቢበላሽ፣ ሽማግሌው ወደ በሬያቸው ይመለሱ» አሉ። ዘበኛው በሬ አልነበራቸውም። በሬዎቻቸውን ጎርፍ ከወሰደባቸው ወዲህ እንጀራቸው ያቺው ዘበኝነት ነበረች።

አመድ በፈላ ውሃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ በውሃው ጠረጴዛውን በጨርቅ አሸሁት። ቅቤው አረፋ ሆኖ ተነሣ፤ እንጨቱ ግን ጠቆረ።

«ፀሐይ እናሙቀው» አሉ ዘበኛው።

«ይሰነጠቃል፣ አባባ። በጥላ ይድረቅ።»

«ጠረጴዛ እንደ አራስ ከጥላ ታስተኛለህ?» ብለው አፌዙብኝ፤ እስኪደርቅ ግን ከአጠገቡ አልራቁም።

ወደ አመሻሹ ሲደርቅ ጥቁረቱ ጥቂት ለቀቀ። ሳሙና ፈቅፍቄ አሟሟሁና የእንጨቱን ጅማት እየተከተልሁ አጠጣሁት፤ ትርፉንም ጠረግሁ።

በማግሥቱ ተቆጣጣሪው ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ጫኑት። ከዚያ አንሥተው ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ከውጭ የዘበኛው ዱላ መሬቱን ቀስ ብሎ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ወረቀቱ እንደ ነጣ ነበር።

«ይህ እንጨት ምን ጠጥቶ ነው እንዲህ የለሰለሰው?» አሉ።

ዘበኛው በጋቢያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ሲጠርጉ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ዛሬ እርሳቸው የሉም፤ ጠረጴዛ ሳጥብ አይቶ የሚያፌዝብኝም የለም። አለቃችን የዚያን ዕለት የጻፉትን ውሳኔ ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «የቢሮው ዕቃ በንጽሕና ተጠብቋል፤ ዘበኛው በሥራቸው ይቀጥሉ።» የተፈረመው ኅዳር ፲፩ ቀን፣ በሚካኤል ዋዜማ ነበር።